አንድ ቴሌቪዥን፣ ሁለት በር

ዘበኛው ደሞዝ ቴሌቪዥኑ ፊት የተመደበ ጊዜ ሌሎቹ ዘበኞች ቀንተውበት ነበር። ዝናብ አይመታው፣ ፀሐይ አይነካው፣ ብለው ነዋ! ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ያለው የመንግሥት እህል መጋዘን ሁለት በር አለው፤ አንዱ ወደ አስፋልቱ፣ አንዱ የቆላ ድባን እህል የጫኑ ጀልባዎች ወደሚራገፉበት ወደ ሐይቁ። ሁለቱም በር ላይ ከምሥራቅ ጀርመን የመጣ ካሜራ ተሰቅሏል። ቴሌቪዥኑ ግን አንድ ብቻ ነው። ማዞሪያውን ወደ ግራ ሲሉት አስፋልቱ ይመጣል፣ ወደ ቀኝ ሲሉት ሐይቁ። ሁለቱን ባንዴ ማየት የለም።

ያን ሰሞን ከተማው አፈሳ ላይ ነበር። ጎረምሳ የተባለ ሁሉ ከመንገድ እየታፈሰ ለብሔራዊ ውትድርና ይጫናል። የደሞዝ ልጅ ሣህሉ ከጆንያ ክምር መሀል ተሸሽጎ ሰነበተ። ታላቅ ወንድሙን ጦር ሜዳ በልቶታል፤ እናቱ ሌላ ሐዘን የምትችልበት አቅም የላትም። ደሞዝ ሐይቁ መሀል ካለው ደሴት ገዳም አባ ወልደ ሐዋርያትን፣ ልጁን እንዲደብቁለት ለመናቸው። እሳቸውም፣ "ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ታንኳዬን ይዤ በሐይቁ በር እመጣለሁ፤ ልጁን ስደድልኝ" አሉት።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ልጁን "በል ውጣ" ብሎ ሰዶ ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደል፣ አዘዘ የሚባለው ካድሬ በሩን በርግዶ ገባ።

"ጓድ ደሞዝ፣ እዚህ ግቢ ጎረምሳ ተሸሽጓል አሉ። እስቲ ይሄ ዕቃህ ዛሬ ለአብዮቱ ይሥራ!" ብሎ ወንበር ስቦ አጠገቡ ቁጭ አለ።

ደሞዝ ማዞሪያውን ወደ ግራ አድርጎ ጨብጦ ያዘው። አስፋልቱ ጭር ብሏል።

"ሐይቁንስ?" አለ አዘዘ።

"ዛሬ ጀልባ የለ፣ በዚያ ማን ይወጣል ብለው ነው? የሚወጣ ቢኖር በዚህ ነው።" አፉ ይህን ይበል እንጂ ልቡ ከልጁ ጋር ሐይቁ ዳር ደንገሉ መሀል ነበር። ምነው አባ ባልዘገዩ! ምነው ያ ልጅ ጫማዬን ላውልቅ ብሎ ባልቆመ!

ወዲያው የአስፋልቱ በር ገርበብ አለና አንድ ልጅ ብቅ አለ። አለበል! የጎረቤቱ የወለላ ልጅ፣ ጆንያ ተሸካሚው አለበል፣ ከሣህሉ ጋር ከአንድ ገበታ በልቶ ያደገው። አዘዘ ወታደሮች ጭኖ ያመጣው ካሚዮን ከግንቡ ጀርባ ስለቆመ እነሱም አላዩት፣ እሱም አላያቸው። አዘዘ ሲጋራ ለመለኮስ አንገቱን ደፍቷል። ደሞዝ ማዞሪያውን አንዴ ወደ ቀኝ ቢለው አለበል ከዓይን ይሰወራል። ግን ሐይቁ ይመጣል፤ ሐይቁ ዳር ደግሞ ሣህሉ አለ።

እግዚኦ! ለአባት እንዲህ ያለ ምርጫ ይሰጣል? አላዞረውም።

አዘዘ ቀና አለ። "ያውልህ!" ብሎ ጮኸና ወታደሮቹን እየተጣራ ወደ ደጅ ሮጠ። ደሞዝ ሁሉን አየ፤ ልጁ ሲሮጥ፣ ሲይዙት፣ እየጎተቱ ወስደው ካሚዮኑ ላይ ሲወረውሩት። ቴሌቪዥኑ ድምፅ የለውም፤ አለበል አፉን ከፍቶ ማንን እንደሚጣራ አልሰማም።

ካሚዮኑ ሲሄድ ወደ ቀኝ አዞረው። ታንኳዋ ሁለት ሰው ይዛ ከዳር ርቃለች። ደስ አለው። ደስ ስላለውም አፈረ።

ማምሻውን ወለላ ነጠላዋ መሬት ለመሬት እየተጎተተ መጣች።

"አያ ደሞዝ፣ አንተ እኮ ሁሉን ታያለህ። ልጄን በየት በኩል ወሰዱብኝ?"

"ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አላየሁም!"

አመነችው። ምናለ ባላመነችው! ብትሰድበው፣ ፊቱ ላይ ብትተፋበት ይሻለው ነበር።

"እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ያንተን እንኳ ይጠብቅልህ" አለች እንባዋን እየጠረገች። "አለበሌ ሲመለስ በዚያው አስፋልት ነው የሚመጣ። ከሁሉ ቀድመህ የምታየው አንተ ነህ። እንዳየኸው ቶሎ ላክብኝ፤ አደራህን!"

"እሺ" አለ ደሞዝ።

ከዚያ ወዲያ ጀልባ ሲመጣ እንኳ ማዞሪያውን ወደ ሐይቁ የሚያዞር አልሆነም። አለቃው ተቆጣው፣ ደመወዙን ቆረጠው፤ እምቢ አለ። አስፋልቱን እያየ ይውላል።