ሳትበላ እንዳትሰማ

መነሻ ዲስክ አልተገኘም። ጽሑፉ ጥቁሩ ስክሪን ላይ እንደገና ብቅ ሲል ዕፀገነት አልተናደደችም፤ ለመናደድም ጉልበት ያስፈልጋል። ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ዓይኖቿን በመዳፎቿ አሸች። አዲሱ ሰርቨር ከሞምባሳ ወደብ ከደረሰ ጀምሮ ናይሮቢ፣ ላቪንግተን ሰፈር ያለው የእርዳታ ድርጅቱ ቢሮ እፎይ ብሎ አያውቅም። በሰሜን ኬንያ ያሉት የእርዳታ መጋዘኖች በሙሉ የሚጠብቁት እሱን ነበር።

አጠገቧ የተቀመጠው የሥራ ባልደረባዋ ተካልኝ ችግሩን ያውቀዋል። ጠዋት ሁለቱን ዲስኮች ስታጣምር፣ አንዱ ላይ የሚጻፈው ሌላውም ላይ እንዲጻፍ ስታዘጋጅ አይቷታል። ይህ ሁሉ ልፋት አንዱ ቢሞት ሌላው ሥራውን እንዲቀጥል ነው። ሁሉን በወጉ ሠርታ አንዲት ነገር ብቻ ረሳች፤ ማሽኑ የሚነሳው ከዚህ ጥንድ ነው ብላ ምልክት አላደረገችም። ስለዚህ ዊንዶውስን መጫን በጀመረች ቁጥር ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራ መነሻውን ያጣል፣ እሷም ዲስኮቹን አጥፍታ ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ሌላ ቀን ቢሆን «ደክሞሻል» ብሎ ስቆባት ያሳያት ነበር። ዛሬ ዝም ያለው እንድትዘገይ ነው፤ ለዚህም ራሱን ጠላው።

አባቷ ሌሊት ደብረ ብርሃን ላይ አርፈዋል። ስልኩ የተደወለው ለእሷ ሳይሆን ናይሮቢ ያሉት ኢትዮጵያውያን እድር ሰብሳቢ ለሆኑት ለጋሽ ገብረመድህን ነበር፤ መርዶ በስልክ አይነገርምና። የእድሩ ሽማግሌዎችና ተካልኝ ማልደው ኢስትሊ ሰፈር፣ የብዙነሽ ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ ተሰብስበው መከሩ። ነገ ሲነጋ ሽማግሌዎቹ ቤቷ ሄደው ያረዷታል፣ እስከዚያ ተካልኝ ሥራ ላይ ያቆያታል፣ ስልኳንም ይይዛል ተባለ። ቀብሩ ነገ እኩለ ቀን በመሆኑ በዛሬ ማታው አውሮፕላን ብትሄድ ትደርሳለች ሲል ተካልኝ ለመከራከር ሞከረ።

«አንዲት ሴት ብቻዋን አየር ላይ አባቷን ታልቅስ?» አሉት ጋሽ ገብረመድህን።

ተካልኝ እሺ ብሎ ተነሳ። ሲወጣ ብዙነሽ በር ላይ ጠብቃ በጨርቅ የተቋጠረ ምሳ ዕቃ አስያዘችው። «ሳትበላ እንዳትሰማ» አለችው።

ቢሮ እንደገባ የስልኬ ክሬዲት አልቋል ብሎ የዕፀገነትን ስልክ ተዋሰ፤ ኮሪደር ላይ ባትሪውን አውጥቶ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ወዲህ አጠገቧ ተቀምጦ የአባቷን ቀብር በገዛ እጁ እንደሚያስቀርባት እያሰበ ነው የዋለው። የግቢው ዘበኛ በበሩ ሲያልፍ የቀላ ዓይኗን አይቶ በስዋሂሊ «ፖሌ ሳና፣ ዳዳ»፣ አይዞሽ እህቴ፣ ሲላት ተካልኝ ከወንበሩ ብድግ አለ። ኬንያዊ ይህችን ቃል ለደከመውም ላዘነውም እንደሚላት ያውቃል፤ ቢያውቅም ዘበኛው እስኪርቅ ድረስ አልተቀመጠም። ዕፀገነት ግን «አሳንቴ» ብላ አመስግናው ለመጫኛው የሚያስፈልገውን የድራይቨር ፍሎፒ ከሰርቨሩ አወጣች።

ምሳ ሰዓት ካለፈ ቆይቶ ምሳ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ ፈታው። አልጫ ፍትፍት ነበር። ሁለቱ አብረው መሥራት ከጀመሩ አንስቶ ምሳቸው ከመንገድ ማዶ የምትሸጠው ቻፓቲ የሚሏት ቂጣ ነች፤ እሷንም ተራ በተራ ይገዟታል እንጂ አንዱ ለሌላው ከቤት ቋጥሮ አያውቅም። ዕፀገነት ሁለት ሦስት ጊዜ ቀመሰችና እጇን ሰበሰበች።

«ብዪ እንጂ» አላት። «ትንሽ ጨምሪ። አፈር ስሆን።»

ቃሉ ካፉ ከወጣ በኋላ ነው የገባው። ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ፍትፍቱን አየች፣ ስልኳን የከተተበትን ኪሱንም አየች፣ መጨረሻ ላይ ዓይኗ ስክሪኑ ላይ አረፈ። ተካልኝ የጨርቁን ጫፍ ያጣጥፋል።

«ዲስኮቹን መነሻ አላደረግኳቸውም» አለች ቀስ ብላ። «አንተ ደግሞ አይተሃል።»

«አይቻለሁ።»

ተካልኝ የሰው ስህተት አይቶ የሚያልፍ ሰው አይደለም፤ ይህንንም ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ዕፀገነት ምሳ ዕቃውን ወደ ራሷ ሳበችና መብላት ጀመረች። በውኃ እያወረደች፣ ምንም ሳታስቀር በላች። እጇን ታጥባ ተመልሳ ኪቦርዱ ላይ ተቀመጠች፤ የዲስኮቹን ማውጫ ከፍታ ምልክቱን አደረገች። ማሽኑ ጠፍቶ በራ። በዚህኛው ጊዜ ዊንዶውስ መጫኑን ቀጠለ።

«የማታው አውሮፕላን አልሄደም አይደል?»

«አልሄደም» አለ ተካልኝ፤ ድምፁ ሰለለ። «ዕፀገነት፣ እኔ...»

እጇን አነሳችበት። «ማን እንደሆነ አትንገረኝ። እናቴም አባቴም አሉኝ። እስክደርስ ሁለቱም ይኑሩልኝ።» ቦርሳዋን ከወንበሩ ላይ አነሳች፤ የመስክ ጉዞ ስለማያጣት ፓስፖርቷ ከቦርሳዋ አይለይም። «ሽማግሌዎቹ ሲጠይቁህ አልነገርኳትም በላቸው። አልዋሸህም።»

ወደ አየር ማረፊያው የሚወስደው ሞምባሳ መንገድ ማታቱ በሚሏቸው ሚኒባሶች ተጨናንቆ ታክሲው እያዘገመ ወሰዳቸው። ዕፀገነት መንገዱን ሙሉ በመስኮቱ ወደ ውጭ ትመለከት ነበር። አንድም ጊዜ ወደ ተካልኝ አልዞረችም፤ ፊቱ እንዳይነግራት እንደፈራች ገባው፣ እሱም ለራሱ ፊት ዋስ መሆን አቅቶት አንገቱን ደፋ። አየር ማረፊያው በር ላይ ስልኳን ሲዘረጋላት አልተቀበለችውም። «አንተ ጋ ይቆይ» አለችና ትኬት ልትቆርጥ ገባች።

እሱ ከመስታወቱ ውጭ ቆመ። አዲስ አበባ ስትደርስ የሚቀበላት ሰው ያስፈልጋል፤ የአጎቷ ቁጥር ደግሞ እሷ ስልክ ውስጥ ነው ያለው። ባትሪውን መልሶ ስልኩን ከፈተው። ቁጥሩን ፈልጎ ሳይጨርስ መዳፉ ውስጥ ጠራ።

ስክሪኑ ላይ «እማዬ» ይላል።

ተካልኝ ቀና አለ። ዕፀገነት ከመስታወቱ ማዶ ሰልፍ ይዛለች፣ ከፊቷ ያሉት ጥቂት ናቸው። ማን እንደደወለ ብታውቅ ማን እንደሞተም ታውቃለች። ጣቱን አረንጓዴው ቁልፍ ላይ አሳረፈው፣ ግን አልተጫነውም። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ፤ ወዲያው ደግሞ ይጠራ ጀመር። ሰልፉ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ፤ እሷም ጀርባዋን እንደሰጠችው አብራ ሄደች።