ኦ ደም ያለው ይግባ

ግድግዳው ሲንኳኳ አልነሳም። የስፌት መኪናዬን ፔዳል ጠበቅ አድርጌ እረግጣለሁ፣ ጩኸቱ እንዲውጠው። ባሌ ከሞተ ወዲህ የኋላው ክፍል እየቆየ ይንኳኳል፤ ሁለት ጊዜ፣ ቀስ ብሎ። አበደች የሚለኝ ይበለኝ።

ባሌ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ያ ትንፋሽ የሚያሳጥር በሽታ ሲይዘው ልጃችንን እህቴ ዘንድ ላክናትና እሱን የኋላው ክፍል አስተኛነው። ውሃ ሲፈልግ ቢጫ እጀታ ባለው ካቻቪቴው ግድግዳውን ይመታል።

ማን ገብቶ ያስታምመው? አብረውን የሚኖሩት አማቴ፣ የባሌ እናት፣ ከስልካቸው ወሬ ለቅመዋል፦ ኤ ደም ያለውን በሽታው ይጥለዋል፣ ኦ ያለውን ዝም ብሎ ያልፈዋል። እሳቸው ኤ፣ ልጃቸው ኤ፣ እኔ ኦ። ሐኪሙን በስልክ ጠየቅነው።

«ልዩነት አለ የሚሉ ጥናቶች አሉ» አለን። «ቢኖርም ግን ትንሽ ነው፤ እገሌ ይታመማል፣ እገሌ ይተርፋል አያሰኝም። ሁላችሁም ተጠንቀቁ።»

አማቴ «ልዩነት አለ» የምትለዋን ብቻ ይዘው ቀሩ። የሚወደውን መርጦ የሚሰማ ጆሮ ነው ያላቸው።

«አንቺ ግቢ ልጄ፣ ያንቺ ደም ጠንካራ ነው» አሉኝ።

ገባሁ። ማንም አላስገደደኝም፣ ባሌ ነዋ! አጠብኩት፣ አገላበጥኩት፣ ሲቀልድም ሳቅኩለት። «ደምሽ ኦ ባይሆን ማን ያገባሽ ነበር?» ይለኛል እያለከለከ። በኋላ እኔንም ያዘኝ። ከግድግዳው ወዲህ ባለው ክፍል ወድቄ በትኩሳት ስቃጠል «እማማ፣ አሞኛል» አልኳቸው።

«ድካም ነው። ኦ በዚህ አይወድቅም» አሉ።

ባሌ አንኳኳ። ልነሳ ብል አልቻልኩም። አማቴ ኮሪደሩ ላይ ቆመው «ኧረ ተነሺ፣ ይጠራሻል!» ይላሉ። ደግሞ አንኳኳ። ከዚያ በኋላ አላንኳኳም።

አማቴን ልጠላቸው ሞክሬ አቃተኝ። ወሬውን ዛሬም አልተዉትም፤ እንዴትስ ይተዉታል? ኦም እንደማንም የሚወድቅ ከሆነ፣ ልጃቸው ሲጣራ እሳቸው ኮሪደር ላይ ምን ይሠሩ ነበር? ይህን ከሚጠይቁ ወሬውን ማመን ይቀላቸዋል። አሳዘኑኝና አብረን መኖራችንን ቀጠልን። ልጄ ከእህቴ ቤት ተመልሳ ስትመረመር ደሟ ኦ ሲሆን እልል አሉ። እኔ ግን ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

ትናንት ማሳል ጀመሩ። በገዛ ፈቃዳቸው የኋላው ክፍል ገብተው በሩን ዘጉ።

ዛሬ ከሰዓት የቀሚስ ጠርዝ ስዘመዝም ግድግዳው ተንኳኳ። ሁለት ጊዜ፣ ቀስ ብሎ። እንደ ልማዴ ፔዳሉን ረገጥኩ። ደግሞ ተንኳኳ።

«ይብቃህ! መነሳት አልቻልኩም ነበር እኮ!» አልኩት ባሌን፣ ጮክ ብዬ።

ቀና ስል አጠገቤ የነበረችው ልጄ ወንበሯ ላይ የለችም። ኮሪደሩ ላይ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ በሁለት እጇ ይዛ፣ እንዳይፈስባት ምላሷን ነክሳ ትሄዳለች። የኋላው ክፍል በር ተከፍቷል። አማቴ አልጋቸው ላይ ናቸው፤ ቢጫው ካቻቪቴ እጃቸው ውስጥ ነው።

«ነይ የኔ እመቤት፣ ግቢ» ይሏታል። «አንቺ ኦ ነሽ፣ ምንም አትሆኚም።»

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ብርጭቆውን ስነጥቃት ግማሹ ፈሰሰ።

«እማማ፣ እኔም ኦ ነበርኩ» አልኩ።

ካቻቪቴውን አስቀመጡ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«አውቃለሁ» አሉ።

ውሃ ጠምቷቸዋል፤ እኔ ደግሞ ኮሪደር ላይ መቆም አልችልበትም። አፍና አፍንጫዬን በነጠላዬ ሸፍኜ፣ ልጄን ወደ ውጭ ገፋ አድርጌ፣ በሩን ከውስጥ ዘጋሁት።

«እማዬ» አለችኝ ከበሩ ወዲያ፣ «አንቺ ስታንኳኪስ ማን ይመጣል?»