ባልዲው ባዶውን የሄደ ዕለት

ማርያማዊትን የሚያናድዳት ነገር ጥቂት ነው፤ ከጥቂቱ አንደኛው ግን በከንቱ የሚመላለስ ዕቃ ነው። ሥራዋም ይኸው ነው፤ ስንዴው፣ ሙዙ፣ ሲሚንቶው ከየትኛው ክልል ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ የሚያሳይ የኮምፒውተር ሞዴል ትሠራለች። በእሷ ሞዴል ዕቃ ሁሉ ጨዋ ነው። ከተትረፈረፈበት ተነስቶ ወደ ጎደለበት ይሄዳል፣ እዚያም አርፎ ይቀመጣል።

ጨዋ ያልሆነው የገዛ ቤቷ ነበር። እናቷ ወይዘሮ አስካለማርያም አዲስ አበባ፣ ዓለም ባንክ ሰፈር ካለው ኮንዶሚኒየማቸው ጉደር ላሉት እህታቸው ለእትዬ አልማዜ በነጭ ባልዲ ሽሮ ይልካሉ፤ ያው ባልዲ ቅቤ ሞልቶ ይመለሳል። ቅቤውስ ይሁን። የሽሮው አተር ግን ወደ ኮልፌ ገበያ የመጣው ከዚያው ከጉደር አካባቢ ነው! አተሩ አዲስ አበባን ተሳልሞ፣ ተፈጭቶ፣ ወደ አገሩ ይመለሳል። ማርያማዊት ይህን ባሰበች ቁጥር ደሟ ይፈላል።

እህትማማቾቹ ራሳቸው ግን አይጠያየቁም። "ታናሽ እሷ ናት፤ እሷ ትምጣ። እኔ ጉልበቴን ያመኛል" ይላሉ እናት። "እኔም ጉልበት አለኝ፣ ለዚያውም የባሰበት" ይላሉ አክስት በስልክ። እንዲህ ሲባባሉ ዓመታት አለፉ።

አንድ ቅዳሜ እናቷ ለቅሶ ሲወጡ "ሽሮውን በባልዲው ሞልተሽ ለወንድሙ ስጪልኝ" አሏት። ወንድሙ በጉደር መንገድ የሚሠራ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ማርያማዊት ሽሮውን አየች፣ ባልዲውን አየች፣ ሞዴሏን አሰበች። ከዚያ ባልዲውን አጥባ፣ ክዳኑን ገጥማ ባዶውን ሰጠችው። ወንድሙ በአንድ ጣቱ አንጠልጥሎ ግራ እንደገባው አያት። በእሷ ቤት እናቷን ከድካም መገላገሏ ነበር። ማታ "ላክሽው?" ሲሏት "ተልኳል" አለች፤ ውሸትም አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የጉደር ስልክ ዝም አለ። እናት ቢደውሉ ቢደውሉ የሚያነሳ ጠፋ። "እህቴ አንድ ነገር ሆናለች" ብለው እህል አልቀምስ አሉ፤ ማርያማዊትንም ይጨንቃት ጀመር።

ሐሙስ ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። እትዬ አልማዜ ባልዲውን ታቅፈው ቆመዋል። ያንን ሁሉ ደረጃ እያነከሱ ወጥተው፣ ሰላም ከማለታቸው በፊት እንባቸው ቀደመ።

"አስካል፣ ምን በደልኩሽ? ከእንግዲህ ይብቃን ለማለት ነው ባዶውን የላክሽው?"

"የምን ባዶ?" እናት ወደ ልጃቸው ዞሩ።

ማርያማዊት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። "እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ እትዬ። አተሩ እኮ የሚመጣው ከእናንተው ነው። እዚህ ደርሶ ተመልሶ የሚሄደው ለምንድነው ብዬ..."

"አተሩስ ይሁን" አሉ እትዬ አልማዜ አፍንጫቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ። "የእህቴ እጅስ? እሱን በየትኛው መኪና ነው የምትጭኚልኝ?"

ማርያማዊት ባልዲውን ከአክስቷ እጅ ተቀበለች። ከልቧ አፈረች። እናቷ ግን ሳቅ አሸነፋቸው። "እንኳንም ባዶውን ሄደ! ሞልቶ ቢሄድ መቼ ትመጪ ነበር?" ብለው እህታቸው አንገት ላይ ተጠመጠሙ።

በማግስቱ እትዬ አልማዜ ልሂድ አሉ፤ ባልዲው ግን ባዶ ነው። ቤት ያለው ሽሮ ቅመም ያንሰዋል ተባለ። አዲስ አተር ተገዛ፣ ተለቀመ፣ ተቆላ፣ ተከካ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጣ። እናት በሕይወታቸው እንዲህ ተንቀርፍፈው ሠርተው አያውቁም። በመጨረሻ ሰበብ ሲያልቅ ማርያማዊት ከሕንፃው ሥር ወዳለው ወፍጮ ቤት ተላከች፤ አክስቷም ጫማቸውን አድርገው ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ጠበቁ።

ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ደርሳ ቆመች። ወረፋ የሚባል የለም። ይህ አተር ከተፈጨ ሰሞኑን ቤቱን የሞላው ሳቅ አብሮ ተጭኖ እንደሚሄድ ታያት። ዞራ ተመለሰች።

"መብራት የለም" አለች፣ አተሩን እንዳለ አስቀምጣ። "ወፍጮው ቆሟል።"

የወፍጮው ጩኸት በመስኮቱ ጥርት ብሎ ይገባል።

እናት ተነስተው መስኮቱን ዘጉ። እትዬ አልማዜም ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ።

"መብራት ከሌለማ" አሉ፣ "ምን ይደረጋል?"