በሹፌሩ ልብ ውስጥ የቆመው ሞገድ

የአውቶቡስ ሹፌሩ ልብ ምንም አልሆነም። የተበላሸው የእህቱ ስሌት ነው።

እህትየው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ በሰው ልብ ላይ ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚጓዝ በሒሳብ ታሰላለች። ለጥናቷ የጤነኛ ሰው ልብ ስትፈልግ ታላቅ ወንድሟ "የእኔን ውሰጂ፣ ሌላ ምን ሀብት አለኝ" ብሎ ምርመራ ማሽን ውስጥ ተኛላት። እሷም የልቡን ምስል ኮምፒውተር ላይ በሳጥን በሳጥን ከፋፈለችው፤ ኤሌክትሪኩ ከአንዱ ሳጥን ወደ ሌላው እንዴት እንደሚያልፍ የሚያሰሉ ቀመሮች ጻፈች። የኤሌክትሪኩ ሞገድ ከላይ ተነስቶ ወደ ታች ወረደና በግራ በኩል ካለው ግድግዳ ሲደርስ ቀጥ አለ።

ሳጥኖቹ ትልልቅ ከሆኑ ሞገዱ ያለ ምክንያት ሊጠፋ እንደሚችል በሙያው ያለ ሁሉ ያውቃል። እሷም ታውቃለች። አሳንሶ እንደገና ማስላት ግን ኮምፒውተሩን ለብዙ ሰዓት ያስይዛል፤ እሷ ደግሞ መጠበቅ አይሆንላትም። በዚያው ቀን "ከእንግዲህ መሪ እንዳትጨብጥ" አለችው። የልብ ሐኪም መርምሮት ደህና ነው ቢልም፣ ራሷ የአውቶቡሶቹ ስምሪት ኃላፊ ዘንድ ሄዳ "ሐኪሙ የማያየውን እኔ አያለሁ፤ ልቡ መንገድ ላይ ይቆማል" አለች። ወንድሟን ከመሪው አንስተው ጋራዥ ውስጥ አውቶቡስ አጣቢ አደረጉት። ሹፌሮቹም "ባትሪው" ብለው ስም አወጡለት።

ሳጥኖቹን ያሳነሰቻቸው አሁን ነው፤ እሱንም ጥናቷን የሚገመግሙት ሰዎች ስለጠየቋት። ሞገዱ መላ ልቡን ሳይደናቀፍ አለፈ።

ቤቱ ስትደርስ ወንድሟ ሶፋው ላይ ተደግፏል። ትንሿ ልጁ ደረቱ ላይ እንዳትዘል ትራስ አቅፏል።

"ዶክተሯ መጣች! ዛሬስ ስንት ዕድሜ ጨመርሽልኝ?"

"ጋሼ፣ ኮምፒውተር ላይ ያለው የልብህ ሞዴል ተሻሽሏል።"

"ተሻለው ማለት ነው?" ሚስቱ ከጓዳ ብቅ አለች። "ጨው ያስተውኩት እኮ እኔ ነኝ!"

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይቻል ነበር። ምስጋናውን ለጨው መተው።

"አልተሻለውም" አለች እህትየው። "መጀመሪያም አልታመመም። ሳጥኖቹ ትልልቅ ነበሩ። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ወንድሟ ትራሱን አስቀመጠ። "ማሳነሱ ምን ያህል ይፈጃል?"

"አንድ ቅዳሜና እሁድ።"

"ቅዳሜና እሁድ መጠበቅ አቃተሽ?"

"ደብዳቤ አጽፍልሃለሁ፤ ማኅተም ያለው።"

"የምን ደብዳቤ! ያኔ ስምሪት ቢሮ በእግርሽ አይደል የሄድሽው? ተነሺ፣ መሪዬን አስመልሺልኝ።"

ስምሪት ቢሮው ውስጥ ሹፌሮች ተራቸውን እየጠበቁ ነበር።

"ባትሪው ቻርጅ ሊደረግ መጣ!" አለ አንዱ።

በሁሉም ፊት ጥፋቷን ተናገረች። ስትጀምር ድምጿ ከፍ ያለ ነበር፤ ስትጨርስ ለራሷም አይሰማም። ኃላፊው መነጽሩን አወለቀ።

"ያኔ ሐኪሙን ትተን አንቺን አመንን። አሁንስ ማንን እንመን?"

"ሐኪሙን ይመኑ።"

"እሱማ ያኔም 'ደህና ነው' ነበር ያለው። እኔ ግን 'ልቡ መንገድ ላይ ይቆማል' ያልሽውን ለበላዮቼ አሳውቄያለሁ። ነገ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ይዞ አንድ ነገር ቢሆን ተጠያቂው ማነው? አንቺ ነሽ? ባለበት ይቆይ።"

"ስህተቱ እኮ የሳጥኖቹ መጠን ነው" ብላ ጠረጴዛው ላይ በጣቷ ትልቅ ሳጥን ሣለች፤ ቀጥላም ትንሽ።

"እህቴ፣ የእኔንም ልብ በሳጥን አድርጊልኝ" አለ ሌላው ሹፌር፤ "ለሚስቴ እልክላታለሁ።"

ቢሮው በሳቅ ተሞላ። ወንድሟ ብቻ አልሳቀም። እሷንም አላያት፣ ኃላፊውንም አላየው።

"በቃ፣ ተይው" አላት ቀስ ብሎ። "የሚታጠቡ አውቶቡሶች አሉ።"

ወጣና በሩን ዘጋው።