ሐሙስ የሰረዝኩት ክፍል

ስምንተኛ ክፍል ሳልደርስ ነው ትምህርት ያቆምኩት፤ ግን ሰው አውሮፓ መላክ እችላለሁ። ይህን ስናገር አክስቴ "ምላስሽን ሰብስቢ፣ አንቺ ራስሽ ከዚህ ሰፈር ወጥተሽ አታውቂ" ትለኛለች። እውነቷን ነው። ቢሆንም የትኛው ኤምባሲ ጆሮ የሚያሳይ ፎቶ እንደሚፈልግ፣ የትኛው በእስክሪብቶ የተሞላ ፎርም እንደሚመልስ፣ የትኛው አየር ማረፊያ ከበር ወደ በር ሲያስሮጥ ሰው እንደሚያስቀር አውቃለሁ። አውቃለሁ ብዬ ነበር ማለት ይሻላል።

የአክስቴ ሱቅ ጠባብ ናት። ሁለት ኮምፒውተር፣ በየአምስት ወረቀቱ የምትታነቅ ኮፒ ማሽን፣ ሦስት የፕላስቲክ ወንበር። ውጭ ለመሄድ ያሰበ የሰፈር ሰው ሁሉ መጥቶ እዚያ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ፎርም እንሞላለን፣ ቀጠሮ እናስይዛለን፣ ትኬት እንፈልጋለን፣ ሆቴል እንይዛለን።

ሆቴሉ ላይ ትንሽ ልቁም፤ ጉዱ ያለው እሱ ላይ ነው። ኤምባሲው "የት ነው የምታድሩት?" ብሎ ይጠይቃል። ደንበኞቻችን ደግሞ የሚያድሩት ዘመድ ጋ ነው። እህት ጋ፣ የአጎት ልጅ ጋ፣ የድሮ ጎረቤት ሶፋ ላይ። ግን "ዘመድ ጋ ነኝ" ካሉ የዘመድየው ፓስፖርት ይምጣ፣ የቤት ውሉ ይምጣ፣ ማለቂያ የለውም። ስለዚህ እኛ በነፃ የሚሰረዝ ሆቴል እንይዝላቸዋለን፣ ወረቀቱን እናትማለን፣ ቪዛው ሲመታ ካንስል እናደርጋለን። ይህ የኔ ሥራ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ቪዛ የተመታላቸውን ከደብተሬ እያየሁ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። አክስቴ አንድ ሕግ አላት፤ "ከመሰረዝሽ በፊት ለባለቤቱ ደውይ።" መጀመሪያ ሰሞን እደውል ነበር። ሁሉም "አዎ ሰርዢው እንጂ፣ ይሄም ይጠየቃል?" እያሉ ሲስቁብኝ ጊዜ ተውኩት። ደግሞም ስፈጥን ደስ ይለኛል።

ሲስተር የጤና ጣቢያችን አዋላጅ ናቸው። የሰፈሩን ልጅ ግማሹን የተቀበሉት እሳቸው ናቸው፣ እኔንም ጨምሮ። "አንቺማ እየተሳደብሽ ነው የወጣሽው" ይሉኛል ባገኙኝ ቁጥር። አንድ ቀን በላስቲክ የተጠቀለለ ደብዳቤ ይዘው ሱቅ ገቡ። አውሮፓ ውስጥ የአዋላጆች ጉባኤ አለ። ሦስት ቀን ነው። በሁለተኛው ቀን ጠዋት እሳቸው መድረክ ላይ ወጥተው አሥራ አምስት ደቂቃ ይናገራሉ፤ መብራት ሲጠፋ እንዴት እንደሚያዋልዱ።

"ሠላሳ አንድ ዓመት ስሠራ፣ እንዴት ነው የምትሠሪው ብሎ የጠየቀኝ የለም" አሉኝ። "አሁን ጠየቁኝ። እዚያ ሄጄ እንዳላፍር፣ አደራ።"

"ኧረ ሲስተር፣ እኔ እያለሁ!"

ከዚያ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ሆቴሉ ግን የምሬን ነው። እኔ እዚያ ዘመድ የለኝም። ጉልበቴም አያስኬደኝ፣ አዳራሹ አጠገብ ይሁንልኝ።"

ድምፃቸውን ዝቅ ባያደርጉ ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ፣ ሰበብ ሲያምረኝ። እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ዘመድ የለኝም" ይላል። ሁለት እህትና አንድ ባል እዚያ ያላት ሴትዮ እንኳ ፊቴ ምላ ታውቃለች። ስለዚህ ዓይኔን ጠቀስኳቸው።

"ገብቶኛል ሲስተር። ዘመድ የለዎትም።"

"ምን ያጣቅስሻል አንቺ? አቧራ ገባብሽ?"

ሳቅሁ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ካርታውን ከፈትን። ከሆቴሉ በር እስከ አዳራሹ በር ድረስ መንገዱን አብረን ሄድነው። አንድ ዳቦ ቤት፣ አንድ መድኃኒት ቤት፣ አንድ የመኪና መንገድ ማቋረጥ። "በእግር አራት ደቂቃ ይላል" ስላቸው "በኔ ጉልበት ዘጠኝ በዪው" አሉ። እያንዳንዱን ሕንፃ በጣታቸው እየነኩ የኮምፒውተሬን መስታወት አቆሸሹት፣ እኔም ከንፈሬን እያጣመምኩ ወለወልኩት። ሰው ለማያድርበት ቤት እንዲህ መንገድ ያጠናል? ያኔ መጠየቅ ነበረብኝ።

ቪዛው ተመታ። ሐሙስ ደብተሬ ላይ ስምንት ስም ነበር፤ ስምንቱንም ሻዬ ሳይበርድ ጨረስኩ። ሲስተር ሰኞ ሄዱ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። አክስቴ ጥግ ላይ ወረቀት ትቆርጣለች፤ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ፎርም ሊያስሞላ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረግሁት፣ አውሮፓ እንደሚደወልልኝ ሾፌሩ እንዲሰማ።

"የኔ ልጅ፣ ደህና ዋልሽ? እዚህ ሆቴሉ ጋ ደርሻለሁ። ስምዎ የለም ይሉኛል።"

"እንዴት ይጠፋል? ቆይ ሲስተር፣ አንዴ።"

ከፈትኩት። ስማቸው አለ፣ ቀኑ አለ፣ ከጎኑ በቀይ "ተሰርዟል" ይላል። ሐሙስ፣ ከኛ ሱቅ። ያንኑ ሆቴል እንደገና ልይዝ ሞከርኩ፤ ሞልቷል። አጠገቡ ያለውን ሞከርኩ፤ ሞልቷል። ከተማው በሙሉ በጉባኤተኛ ተይዟል።

"አገኘሽው?" አሉ ሲስተር።

እውነቱን ለመናገር አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ግን ሾፌሩ ያየኛል፣ አክስቴ መቀሷን አቁማለች።

"እኔ ጋማ አለ!" አልኩ። "እነሱ ናቸው ያጠፉት። ብዙ ሰው ሲመጣባቸው ለሌላ ሰጥተውት ነው።"

"ውይ! ታዲያ ምን ላድርግ?"

"እንዳይለቁ! መብትዎ ነው። ክፍሌን ካልሰጣችሁኝ አልነቃነቅም ይበሉ።"

"ጎበዝ!" አለ ሾፌሩ ጭኑን መትቶ። "ንቅንቅ እንዳይሉ በያቸው! ሰውን እንዲህ ይንቃሉ?"

ስልኩ ሲዘጋ አክስቴ "ከመሰረዝሽ በፊት ትደውዪ የለም እንዴ?" አለች።

"እደውላለሁ እንጂ። ምን ነካሽ?"

ሁለት ውሸት፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ። ፈጣን ነኝ አላልኳችሁም?

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሲስተር የድምፅ መልእክት ላኩ። ከጉባኤው አዘጋጆች አንዷ መጥታለች። አንዲት ሐኪም ሁለት አልጋ ያለው ክፍል ይዛ አንዱ ትርፍ ነው፣ ከሲስተር ጋር ማደር ትችላለች። ቦታው ግን ከከተማ ወጣ ያለ ነው፣ የሚወስዳቸው መኪና ደግሞ ብዙ አይጠብቅም። "እኔ ግን አልሄድም ብያለሁ" አሉ ሲስተር። "ተበድዬ ለምን ሰው ላይ እጠጋለሁ? አንቺ እንዳልሽው ቆሜያለሁ።"

ቆሜያለሁ አሉ። በዚያ ጉልበት።

ሾፌሩ ፎርሙን ጨርሼለትም አልሄደም። ኳስ እንደሚያይ ሰው ወንበሩን አስጠግቶ ተቀምጧል። "ምን ሆነ? ሰጧቸው?" ይለኛል። እኔ ኪቦርዱ ላይ አፍጥጬ የሌለ ቆሻሻ በጥፍሬ እፍቃለሁ።

ሁለተኛው መልእክት መጣ። ከኋላ ሰው ሲያወራ ይሰማል። ሲስተር ድምፃቸው ተቀይሯል።

"እንግዳ ተቀባይዋ አለቀሰች። እኔ እኮ ሰው አላስለቅስም፣ ግን ውሸታም አልኳት፣ ሰው ሁሉ ፊት። በአስተርጓሚ ሳይቀር አስባልኳት። አንቺን የምታክል ልጅ ናት። አለቃዋን ጠርተውባታል፣ እየመጣ ነው። እኔም ወረቀትሽን አሳየዋለሁ። እንዳልሽው አለቅም የኔ ልጅ፣ አይዞሽ።"

አይዞሽ አሉኝ። እኔን።

የዚያች ልጅ ፊት ታየኝ። አይቻት አላውቅም፣ ግን ታየኝ። ባላጠፋችው ስትጠየቅ፣ ኮምፒውተሯ ላይ እውነቱ ተጽፎ እያለ የሚያምናት ስታጣ። የሲስተርም ታየኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ቆይቶ የመጣ ጥሪ፣ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ሰው ማስለቀስ።

ደወልኩ። ድምፅ ማጉያውን ላጠፋ እጄን ዘረጋሁ፣ ከዚያ ተውኩት። የዋሸሁት ሰው ፊት አይደል?

"ሲስተር፣ እኔ ነኝ።"

"አለቃው መጣ የኔ ልጅ፣ አሁን..."

"እኔ ነኝ የሰረዝኩት። እነሱ አይደሉም። እኔ ነኝ።"

ከወዲያ የሻንጣ ጎማ ሲያልፍ ተሰማ።

"ምን አልሽ?"

"ሐሙስ ከሌሎቹ ጋር ሰረዝኩት። ዘመድ ያለዎት መስሎኝ። ሲደውሉ አየሁት፣ አውቄ ነው የዋሸሁት። ልጅቷ ምንም አላደረገችም።"

"ሐሙስ?" አሉ ቀስ ብለው። "ሐሙስ ጠዋት ሻንጣ ገዝቼ በሱቃችሁ በር አልፌያለሁ። በመስኮት ሰላም ብዬሻለሁ። እጅሽን አውለበለብሽልኝ።"

"አዎ።"

"ያኔ እየሰረዝሽ ነበር?"

"አዎ ሲስተር።"

ቢሰድቡኝ ምናለ። "በይ እሺ" ብለው ዘጉት።

ሾፌሩ ተነሣ፣ ፎርሙን አጣጠፈ፣ እኔን ሳያይ ለአክስቴ "እሙዬ፣ የኔንም እስቲ አንዴ እዪልኝ" አላት። አክስቴ አልመታችኝም፣ አልጮኸችም። መጥታ አጠገቤ ቆመችና "ተነሺ" አለች። ወንበሬ ላይ ተቀመጠች። መነጽሯን አድርጋ የሾፌሩን ፎርም ከስሙ ጀምራ አነበበች፣ ፊደል በፊደል፣ እኔ ቆሜ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ፎቶ ማንሣትና ኮፒ ብቻ ሆነ ሥራዬ። ሐሙስ ሲደርስ አክስቴ ስልኩን ይዛ አንድ በአንድ ትደውላለች፤ "ይሰረዝ ወይስ ይቆይ?" ሰዎቹ ሲስቁ ይሰማኛል። እሷ አትስቅም።

ሲስተር በተመለሱ በሦስተኛው ቀን መጡ። በሩ ላይ ሳያቸው ኮፒ ማሽኑ ውስጥ መግባት አማረኝ።

"እንዴት ነበር ሲስተር?" አለች አክስቴ፤ እኔ መጠየቅ እንደማልችል ገብቷት።

"ሐኪሟ ጥሩ ሰው ናት። ታንኮራፋለች እንጂ። ጀኔሬተር አጠገብ ያደርኩ ነው የመሰለኝ።" አክስቴ ሳቀች። ሲስተርም ትንሽ ሳቁና ተዉት። "ዓይኔን ሳልከድን ነው መድረክ ላይ የወጣሁት። ጉልበቴ አብጦ። መሀል ላይ ጠፋብኝ፣ የት እንደደረስኩ። ወረቀቱን ሳገላብጥ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ያየኛል። አሥራ አምስት ደቂቃዬን ሳልሞላ ወረድኩ።" ሻርፓቸውን አስተካከሉ። "ሲያልቅ ግን ሁለት ሴቶች መጥተው ጠየቁኝ፣ እንዴት ነው የምትሠሪው ብለው።"

እንዳላፍር፣ አደራ ነበር ያሉኝ።

ከዚያ ወደኔ ዞሩ። "ለዚያች ልጅ ደብዳቤ እፈልጋለሁ። ለሆቴሉ ልጅ። አንቺ ጻፊው።"

አክስቴ ከወንበሩ ተነሣችልኝ። የሱቃችን ደብዳቤ ሁሉ ልመና ነው፤ እባካችሁ ፍቀዱልኝ፣ እባካችሁ ቀጠሮ ስጡኝ። ይቅርታ የሚል አንድም የለም። ኮምፒውተሩ እንዲተረጉመው በኛ ቋንቋ መጻፍ ጀመርኩ፣ ሲስተር ያስጽፉኛል።

"ሰው ፊት ውሸታም ስላልኩሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። ጥፋቱ የኔ ነበር። ሳላጣራ..."

እጄ ቆመ።

"ምነው? ፈጠንኩብሽ?"

"ጥፋቱ የርስዎ አይደለም እኮ።"

"ውሸታም ያልኳት እኔ ነኝ። እሱ የኔ ነው። የኔን ጻፊልኝ። ያንቺን አንቺ ታውቂያለሽ።"

የሳቸውን ጨረስኩ። ከሥሩ መስመር ዘልዬ የኔን ጻፍኩ። ክፍሉን የሰረዝኩት እኔ ነኝ። ስጠየቅ አንቺ ነሽ ያጠፋሽው አልኩ። አለቃሽ ካልሰማ ይህን አሳዪው። አራት ጊዜ አጥፍቼ አራት ጊዜ ጻፍኩት፣ በያንዳንዱ ሙከራ ሰበብ እየገባበት ስላስቸገረኝ። በመጨረሻ ሙሉ ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩበትና ላክሁት። ሲስተር ያንን ሁሉ ጊዜ ጉልበታቸውን ያሻሉ።

"ሐኪሟ ለሚመጣው ዓመት ሌላ ከተማ ጋብዛኛለች" አሉ ሲነሡ። "ወረቀቱን አክስትሽ ትሠራልኛለች።"

"እሺ ሲስተር።"

"ፎቶውን ግን አንቺ አንሺኝ።"

ነጩ መጋረጃ ፊት ተቀመጡ። ሻርፓቸውን ከጆሯቸው ላይ ገፋ አደረግሁላቸው፣ ኤምባሲው እንደሚፈልገው። ካሜራውን አነሣሁ። እሳቸው ቀጥ ብለው ያዩኛል፣ ሳይስቁ። እኔም በካሜራው መስታወት በኩል አየኋቸው፤ ከመጡ ጀምሮ ቀና ብዬ ዓይናቸውን ሳይ ገና ያኔ ነው። ሳነሣቸው ቸኩዬ ተጫንኩትና ፎቶው ደበዘዘ።

"ድገሚው" አሉኝ፣ ሳይንቀሳቀሱ።