ቁም ሳጥን ውስጥ የተቆለፈው ዘይት

መካኒኩ የጀሪካኑን ክዳን ሲከፍት ሽታው አፍንጫውን ሰነፈጠው። የተቃጠለ ዘይት ነው። ያሳደገው አጎቱ፣ የጋራዡ ባለቤት፣ ትናንት ጓዳ ቁጭ ብሎ በአሮጌ ስቶኪንግ እያጠለለ አዲስ መለያ በለጠፈበት ጀሪካን ሲሞላው በዓይኑ አይቷል።

ኮፈኑ ተከፍቶ የሚጠብቀው መኪና ደግሞ የዋዛ አይደለም። ቱርቦ ያለው፣ ገና ሲነኩት የሚፈተለክ ነው። እንዲህ ያለ ሞተር ቀጭንና ንጹሕ ዘይት ይፈልጋል፤ ይህን ዝቃጭ ቢያጠጡት መሀል መንገድ ላይ ተቃጥሎ ይቀራል።

"ወንድሜ፣ ለዚህ ሞተር የሚስማማው ይሄ ነው?" አለች ባለመኪናዋ። "ነገ ማለዳ እናቴን ለሕክምና ይዤ እወጣለሁ፤ መንገዱ ሩቅ ነው። ጉድ እንዳልሆን።"

አጎትየው ቀደም ብሎ መለሰ። "አይዞሽ እህቴ። በዚህ ዘይት እንደ ቅቤ ነው የምትሄጂው።"

ሰውየው ሲዋሽ ዓይኑን እንኳ አያሽም!

አጎትየው ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ ቁልፍ አስጨበጠው። "ስትጨርስ የእኔንም ቀይርልኝ። ከዚህ እንዳትነካ፤ ቁም ሳጥን ውስጥ ያለውን ነው።" ከዚያም ስልኩ ጮኸና ወደ ውጭ ወጣ።

መካኒኩ ቁልፉን እያየ ቆመ። አስጠላው። አጎቱም፣ ሽታው የማይለቅ የራሱ እጅም አስጠሉት። አጎትየው ዘይቱ ለራሱ መኪና መርዝ መሆኑን አሳምሮ ያውቃል ማለት ነው። ቁም ሳጥኑን ከፈተና እሽጉን ጀሪካን አመጣ።

"እሽጉን ራስዎ ይክፈቱት" አላት ሴትዮዋን። ከፈተች፣ እሱም ሞላላት።

አጎትየው ሲመለስ የመጨረሻው ጠብታ እየወረደ ነበር። ፊቱ አመድ መሰለ፤ ደንበኛ ፊት ግን ምን ይበል? መካኒኩ የሚሸተውን ጀሪካን አንስቶ የአጎቱን መኪና ኮፈን ከፈተ።

"ጋሼ፣ የእርስዎን በዚህ ልሙላው? እንደ ቅቤ ነው የሚያስኬደው።"

ጀሪካኑን ዘንበል ሲያደርገው አጎትየው እጁን ለቀም አደረገው።

"ተው። የእኔ ዛሬ ይቅር።"

"ለምን ይቀራል?" አለች ሴትዮዋ።

መካኒኩ ቁልፉን አጎቱ ኪስ ውስጥ ከተተለት፣ ቱታውን አውልቆ ጀሪካኑ ላይ ጣለውና እጁን ሊታጠብ ሄደ።