የዜላ ተራ

እዚህ ኬንታኪ፣ በእኛ ሸለቆ፣ በዓመት አንድ እሁድ ከቁርባኑ በኋላ ሴት የሴት፣ ወንድ የወንድ እግር ያጥባል። ያጠብሻት ሴት ተነስታ ያንቺን ካላጠበች ነገሩ አላለቀም። እኔና ታላቅ እህቴ ዜላ ከተጠመቅን ጀምሮ ስንተጣጠብ ኖረናል።

ከዚያ የዜላ ልጅ ሩቢና ፀጉሯን ተቆረጠች። ግማሾቻችን ፀጉሯን የቆረጠች ሴት ወደ ቁርባኑ ማዕድ አትቀርብም አልን፤ ግማሾቹ ትቅረብ አሉ። ተለያየን። እነሱ ከወንዙ ማዶ አሮጌውን ትምህርት ቤት ቤተ ክርስቲያን አደረጉት፤ ዜላም ከልጇ ጋር ሄደች። አትቀርብም እያልኩ ስጮህ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ አልዋሽም። መታጠቢያውን ሳፋ ይዤ የቀረሁትም እኔው ነኝ።

ቀድማ ትምጣ ብዬ አሥራ አንድ ዓመት ጠበቅኩ። እሷም እንደዚያው።

ሰኔ ላይ የስኳር በሽታዋ በረታባት ሲባል ሰምቼ ሳፋውን በብብቴ ይዤ ድልድዩን ተሻገርኩ። ብርድ ልብሷን ስገልጥ ግራ እግሯ ከጉልበቷ በታች የለም። ማንም አልነገረኝም። ማን ይንገረኝ? ከማዶ ሰው ጋር አልነጋገርም።

«ምን ያስፈጥጥሻል፣ ኦርፋ? ግማሹ እስኪያልቅ የጠበቅሽው አንቺ ነሽ» አለችኝ።

«ዝም ብለሽ እግርሽን አምጪ።»

«የቱን?»

እሷ ሳቀች። እኔ አልቻልኩም። ተንበርክኬ የቀረውን አጠብኩት።

«ውሃው ሞቀሽ?» አልኳት።

«እኔ እንጃ፣ አይሰማኝም። ግን እያየሁሽ ነው።»

ፎጣውን ሳነሳ «በይ፣ አሁን ተራው የኔ ነው» ብላ ልትነሳ ሞከረች። ወገቧ እምቢ አላት።

«ይቅር፣ ዜላ።»

«አይቀርም! እሁድ ነይ። ሩቢና ደግፋ ታስቀምጠኛለች። ጫማሽን አውልቂ ስልሽ ታወልቂያለሽ!»

ዓርብ ሞተች።

ነሐሴ ላይ የእኛ የእጥበት እሁድ ሲደርስ ኢዱና የምትባል የቤተ ክርስቲያናችን እህት ፎጣ ታጥቃ ፊቴ ተንበረከከች።

«ተይኝ፤ ባለተራ አለችኝ» አልኳት።

«ዜላ እኮ ሞታለች።»

«ቀብሬያታለሁ። አንቺ አትንገሪኝ።»

ከነጫማዬ ተቀምጬ ዋልኩ። መጋቢያችን ራሱን እየነቀነቀ አለፈኝ።

በሳምንቱ ማዶዎቹ ሲተጣጠቡ ሄድኩ። ሳፋውን ዜላ ትቀመጥበት በነበረው አግዳሚ ፊት አስቀመጥኩና ጫማዬንና ካልሲዬን አውልቄ ተቀመጥኩ። ዘመሩ፤ ጨረሱ። ወደ እኔ የመጣ የለም። ወለሉ ይቀዘቅዛል፣ ጥፍሬም የሚታይ አይደለም፤ አፈርኩ። ግን አልተነሳሁም።

ሩቢና መጣች። ፀጉሯ አሁንም አጭር ነው፤ ሽበት ጣል ጣል ብሎበታል።

«አክስቴ፣ እማዬ በሞተች ዋዜማ፣ ሐሙስ ለታ፣ "አስቀምጪኝና ልለማመድ፣ ኦርፋ ፊት እንዳልወድቅ" ብላኝ ነበር።»

«አስቀመጥሻት?»

«ሁለቴ። ከዚያ ደከማት።»

ውሃ ቀድታ ተንበረከከች። ስታጥበኝ ያ ወደ ማዕዱ እንዳይቀርብ የከለከልኩት ፀጉር ጉልበቴን ይነካኝ ነበር። አለቀስኩ። እሷም ታለቅሳለች፤ አንዳችን ሌላችንን ዝም በይ አላልንም።

ስትጨርስ ፎጣውን ከወገቧ ፈትቼ ራሴ ታጠቅሁት።

«ጫማሽን አውልቂ» አልኳት።